መሬቱስ የእኔ ሆነ፤ እህሉስ?

በማኅበሩ ዓመታዊ የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



የማኅበራችን አስተባባሪዎች «ጃፓንና ቻይና ከጦርነት በኋላ የተነሡበት መንገድ ለእኛ ምን ያስተምራል?» በሚል ርእስ ንግግር እንዳዘጋጅ ሲጠይቁኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወዲያው እሺ አላልሁም። ርእሱ ከብዶኝ አይደለም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳስተምረው የኖርሁት ነው። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ርእስ ላይ ለተማሪዎቼ በልበ ሙሉነት ያስተማርሁት፣ ከዚያም በፊት በወጣትነቴ ለገበሬ የሰበክሁት፣ ግማሹ ትክክል አልነበረም። ይህን ክፍል ውስጥ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ በእኩዮቼና በልጆቼ ፊት ስለሆንሁ ልናገረው። ስለዚህ ከቶኪዮም ከቤጂንግም አልነሣም፤ ከወረኢሉ ነው የምነሣው።

ወረኢሉን ያላያችኋትም በስሟ ታውቋታላችሁ። ዐፄ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ ክተት ሲያውጁ፣ የሸዋ ጦር በጥቅምት 1888 ዓ.ም. እኩሌታ ላይ እንዲከትባት የቀጠሩባት ቦታ ናት። ከደሴ በስተደቡብ ምዕራብ ያለች ደጋ አገር ናት። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ምስሩ፣ በጉ አለ፤ ውርጩም አለ። በልግ ከሰመረ ሰው ይጠግባል፤ በልግ ከቀረ ዐይኑን ወደ ክረምቱ ይጥላል።

አጎቴ እዚያ እኩል አራሽ ነበር። ለወጣቶቹ ልንገራችሁ፤ እኩል አራሽ ማለት በሬው የራሱ፣ ዘሩ የራሱ፣ ጉልበቱ የራሱ፣ መሬቱ ግን የሌላ ሰው ማለት ነው። አውድማ ላይ እህሉ ሲሰፈር አንድ ቁና ለባለመሬቱ፣ አንድ ቁና ለእሱ ይባላል። የባለመሬቱንም ድርሻ በአህያው ጭኖ ደጁ ድረስ የሚያደርሰው እሱው ነበር። ይህን አውድማ በልባችሁ ያዙልኝ፤ የዛሬ ንግግሬ በሙሉ የሚዞረው እሱን ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ማየት የጀመርነው ዛሬ አይደለም። እኔ ስቆጥረው ሦስት ጊዜ ወደዚያ አይተናል።

የመጀመሪያው ከዐድዋ ድል በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያን ስታሸንፍ የተማረው ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ እሷ አዞረ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓን በትምህርት እንዴት እንደ ነቃች ለአገሩ ምሳሌ አድርጎ ጻፈ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የቆመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁት፣ እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር።

የእነዚህን ሰዎች አስተዋይነት የሚክድ የለም። ነገር ግን መንግሥታችን ከጃፓን የወሰደው የላይኛውን ነው። ዙፋኑን ወሰደ፤ ምክር ቤቱን ወሰደ። የጃፓን መንግሥት ሕገ መንግሥቱን ከማወጁ 15 ዓመት ያህል አስቀድሞ መሬቱን እየለካ ለባለይዞታው የባለቤትነት ወረቀት መስጠት፣ የእህሉን ግብር ወደ ገንዘብ መለወጥ፣ በየመንደሩ ትምህርት ቤት መክፈት ጀምሮ ነበር። ገብረ ሕይወት ራሱ የገበሬው ግብር በልክ ይወሰን ብሎ ጽፏል። ሕገ መንግሥቱ ሲመጣ ግን ወደ አውድማው አልወረደም። የአጎቴ አባት የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ሰምቶ እንደ ነበር እንኳ እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛው ጊዜ የእኛ ትውልድ ጊዜ ነው፤ ያየነውም ወደ ቻይና ነበር።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ያች የሮጠባት ከተማ ከ19 ዓመት በፊት በቦምብ ነድዳ ዐመድ ሆና ነበር። ከአራት ወር ያህል በኋላ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ወጡ። አገሩ ሁሉ አበበ ቶኪዮ ላይ እንዳሸነፈ ያውቃል። ያች ቶኪዮ ከዐመድ እንድትነሣ የጃፓን ገበሬ መሬት ማግኘቱ ምን ያህል እንደ ረዳ ግን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። ልባችን የነበረው ቤጂንግ ነው። ጃንሆይም በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ እኛ ግን የማኦን ቃል እየተደበቅን እናነብ ነበር።

ከዚያ የወሎ ረኃብ መጣ። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲያችን መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ሲመለሱ፣ ከፎቶግራፎቹ ፊት ቆመን ያለቀስን ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን። እኔ ግን ከማልቀስ አልፌ በየፎቶግራፉ የምፈልገው የዘመዶቼን ፊት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚሆን ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወጣ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ታወጀ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ 10 ሄክታር ተባለ፤ መሬት መሸጥ መለወጥ ተከለከለ። የተመደብሁት ከወረኢሉ ርቄ ነበር፤ ሆኖም ጥቂት ቀን ፈቃድ አግኝቼ ወደ ዘመዶቼ ሄድሁ። አዋጁን ከአጎቴ ቤት በራፍ ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ አነበብሁት። «አጎቴ፣ ከእንግዲህ መሬቱ የእርስዎ ነው» አልሁት። በግ አረደልኝ። በሕይወቴ ብዙ ሽልማት ባላገኝም ያን በግ የሚያህል አላገኘሁም።

እስከዚህ ያለውን ዛሬም አልጸጸትበትም። ጭሰኝነትን ያስቀረ አዋጅ ነውና። የምጸጸተው በሚቀጥለው ነው።

በ1974 ዓ.ም. ወጣት መምህር ሆኜ በታኅሣሥ ወረኢሉ ወረድሁ። አጎቴን አውድማ ላይ አገኘሁት። ያን ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በገበሬ ማኅበሩ በኩል ኮታ ይጥል ነበር፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም መንግሥት ነው። የዚያ ዓመት ምርት ደካማ ነበር፤ ኮታው ግን አልቀነሰም። አጎቴ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሁለት በግ ሸጠ። በበጉ ገንዘብ ከገበያ እህል ገዛ። በውድ የገዛውን እህል ለመንግሥት በርካሽ አስረከበ። ይህ የእሱ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ በዚያ ዘመን በብዙ የኢትዮጵያ ገጠር የሆነ ነው።

እኔ የተማርሁት ምን አልሁት? «ይህ እኮ ለከተማው ሠራተኛና ለአገሩ ልማት ነው፤ በቻይናም ገበሬው እንዲህ አድርጎ ነው አገሩን ያሳደገው» አልሁት።

መንሹን አስቀምጦ አየኝና፣ «ልጄ፣ ይህን የነገረህ የቻይና ገበሬ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብሁት» አልሁት።

«እንግዲያው ሰምተህ ና። መሬቱስ የእኔ ሆነ፤ እህሉስ?»

መልስ አልነበረኝም። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይህ ነው። እኔ ወረኢሉ አውድማ ላይ ቆሜ ቻይናን ምሳሌ ሳደርግለት፣ የቻይና ገበሬ ራሱ ያንን ነገር ጥሎት ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። አልሰማሁም ነበር። አጎቴ «ሰምተህ ና» ያለኝን ለመስማት ብዙ ዓመት ወሰደብኝ። የሰማሁትን ዛሬ ልንገራችሁ።

ከቻይና እንጀምር። ኮሙኒስቶቹ እ.ኤ.አ. በ1949 ሥልጣን ይዘው በማግሥቱ ዓመት የመሬት ሕግ አወጁ፤ ወደ 300 ሚሊዮን ለሚሆን ገበሬ መሬት ደረሰው። ብዙ ደም ፈስሷል፤ በየመንደሩ በአደባባይ የተገደለው ባለመሬት ብዙ ነው። ነገር ግን ገበሬው መሬት አገኘ። ለስንት ጊዜ? በ1953 መንግሥት እህልን በቆረጠው ዋጋ ለብቻው የሚገዛበትን ሥርዓት አቆመ። በ1956 አብዛኛው ገበሬ በሬውንና መሬቱን ወደ ኅብረት እርሻ አስገባ። በ1958 ኮሙን መጣ፤ ማጀቱ ተዘግቶ ሰው በጋራ አዳራሽ ይበላ ጀመር። በየደረጃው ያለ ካድሬ የበላዩን ለማስደሰት ያልተመረተ እህል ተመረተ ብሎ ጻፈ፤ መንግሥትም በተጻፈው ልክ ድርሻውን ወሰደ። ከ1959 እስከ 1961 በደረሰው ረኃብ በዐሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ወሎዬ ለሆነ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ፍትሕም እናድርግ። በዚያ ዘመን ቦይ ተቆፍሯል፣ ግድብ ተሠርቷል፣ የመንደር ትምህርት ቤትና ጤና አገልግሎት ተስፋፍቷል። በኋላ የመጣው ዕድገት በዚህም ላይ ቆሟል። ግን እህሉ አላደገም ነበር፤ ቢያድግም ከአፍ ቁጥር ጋር እኩል ከመሄድ አላለፈም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 በአንሁዊ ክፍለ ሀገር ሺያውጋንግ በምትባል ድሀ መንደር የ18 ቤት ገበሬዎች ማታ ተሰብስበው አንድ ወረቀት ላይ ተፈራረሙ፤ ፊደል የማይችለው በጣቱ አተመ። የጋራውን መሬት በቤት በቤት ተካፍለው ሊያርሱ፣ የመንግሥትን ድርሻ ከከፈሉ በኋላ የቀረውን ለየቤታቸው ሊያስቀሩ ተማማሉ። ከመካከላቸው የታሰረ ወይም የተገደለ ቢኖር ልጆቹን ሌሎቹ ሊያሳድጉለት ቃል ገቡ። በእኛ አገር ቢሆን የእድር ቃል ኪዳን እንለው ነበር። በሕጉ ወንጀል ነበር። በሚቀጥለው መኸር ግን ምርታቸው በእጥፍ በእጥፍ ጨመረ፤ የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣናት አይተው ዝም አሉ፤ ቆይቶም ቤጂንግ ፈቀደ። መንግሥትም የእህሉን መግዣ ዋጋ ከፍ አደረገ። የአገሪቱ እህል በ1978 ከነበረበት ወደ 305 ሚሊዮን ቶን በ1984 ወደ 407 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። መሬቱ ልብ በሉ፣ የገበሬው የግል ሀብት አልሆነም፤ ዛሬም አይደለም። የተለወጠው የአውድማው ነገር ነው፤ የመንግሥት ድርሻ ታወቀ፣ የቀረው የገበሬው ሆነ። የእርሻ ግብሩ ራሱ በ2006 ተሰረዘ። ዓለም የሚያወራለት የሼንዘን ፋብሪካ የተከተለው ይህን ነው።

አሁን ወደ ጃፓን እንሂድ። በነሐሴ 1945 እጇን ስትሰጥ ከተሞቿ ነድደዋል፤ ሕዝቡ ተርቧል። ከእርሻ መሬቷ ግማሽ የሚጠጋው በጭሰኛ የሚታረስ ነበር። ቀደም ብዬ የነገርኋችሁ የባለቤትነት ወረቀት ገበሬውን ብዙ አላዳነውም። ግብሩ በገንዘብ ስለሆነ የሩዝ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ተበደረ፤ ሲበደርም መሬቱን ለባለጸጋ አጣ። ወረቀት ብቻውን ገበሬ አያድንም ማለት ነው።

በ1946 መጨረሻ የወጣው ሕግ ከተማ ተቀምጦ ኪራይ የሚበላን ባለመሬት መሬቱን በሙሉ፣ መንደር ውስጥ ያለውን ደግሞ ከአንድ ሄክታር ያህል በላይ ያከራየውን መንግሥት እየገዛ ለአራሹ እንዲሸጥ አዘዘ። የዋጋው ንረት ባለመሬቱ የተቀበለውን ቦንድ ከንቱ ስላደረገው መሬቱ በነጻ የተሰጠ ያህል ሆነ። በጭሰኛ የሚታረሰው መሬት በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 10 በመቶ ወረደ። እስከዚህ ከእኛው 1967 ጋር ይመሳሰላል፤ እንዲያውም በስፋቱ የእኛው ይበልጣል።

የሚለየው ሥራውን የሠራው ማን ነው የሚለው ነው። በየመንደሩ የተመረጠ የመሬት ኮሚቴ ነበር። አምስት ጭሰኞች፣ ሦስት ባለመሬቶች፣ ሁለት የራሳቸውን መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች ተቀምጠውበታል። ባለመሬቱም ወንበር ነበረው፤ ይሟገታል፣ ይሸነፋል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለውጡ ያለ ደም መፋሰስ አለፈ። አሜሪካኖች አገሩን ይዘው ማዘዛቸው፣ የኮሪያ ጦርነት ለጃፓን ፋብሪካ ሥራ ማምጣቱ፣ ሕዝቡ ቀድሞውንም ፊደል የቆጠረ መሆኑ ትልቅ እገዛ ነበር፤ ይህን ሁሉ እኛ አላገኘንም። ኮሚቴውን ግን ማቋቋም እንችል ነበር።

እህሉስ? በመጀመሪያዎቹ የረኃብ ዓመታት የጃፓን መንግሥትም ከገበሬው ሩዝ በግዳጅ ይወስድ ነበር። ዋጋ እየቆረጠ መግዛቱንም ለብዙ ዓመት አላቆመም። ነገር ግን ያ ገበሬ የምርጫ ካርድ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ሕግ የተቋቋመ የኅብረት ሥራ ማኅበርም ነበረው። እኔ ራሴ ለአጭር ሥልጠና ጃፓን በሄድሁ ጊዜ እንዲህ ያለ ማኅበር አይቻለሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር ቁጠባው፣ ብድሩ፣ ማዳበሪያው፣ የሩዝ መረከቢያው፣ የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ሳይቀር አለ። «ይህ እኮ እድር፣ እቁብና ባንክ አንድ ላይ ነው» ብዬ ገረመኝ። ያ የተደራጀ ገበሬ ድምፁን ስለሚፈልጉት ፖለቲከኞች ሊንቁት አልቻሉም። ከ1960 ጀምሮ የሩዙ ዋጋ የገበሬውን ድካም በከተማ ሠራተኛ ደመወዝ ልክ እየታሰበ ይቆረጥ ጀመር። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ኢኬዳ የሕዝቡን ገቢ በዐሥር ዓመት እጥፍ እናደርጋለን ብለው ዐወጁ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላም ተሳካ። መንግሥት እህሉን የሚገዛው በጃፓንም በወረኢሉም ነበር፤ በጃፓን ግን ዋጋው ላይ ገበሬው አፍ ነበረው።

ሦስተኛዋ ታይዋን ናት፤ እሷ ነገሩን ታወሳስብብናለች። በ1949 ኪራዩን ከምርቱ 37.5 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነች፤ በ1953 መሬቱን ለአራሹ ሸጠች። ለባለመሬቶቹ ከካሳው የተወሰነውን የመንግሥት ፋብሪካ አክሲዮን አድርጋ ሰጠቻቸው፤ ትናንት ኪራይ ሲበሉ የነበሩ ዛሬ የፋብሪካ ባለድርሻ ሆኑ። የእኛው አዋጅ ለመሬቱ ካሳ አልከፈለም፤ ስንቱን የተማረና ገንዘብ ያለው ሰው አባርረን እንደ ቀረን አስቡት። ሆኖም ታይዋን እስከ 1987 በወታደራዊ ሕግ ነው የተገዛችው። መንግሥቱም ማዳበሪያን በሩዝ ብቻ እየለወጠ፣ ሚዛኑን ወደ ራሱ እያዘነበለ እስከ 1973 ድረስ ከገበሬው ወስዷል። እና አንዳንድ ሰው «ድምፅ ሳይኖርም ይታደጋል» ይለኛል። አዎ፣ ሆኗል። ግን በምትኩ ማዳበሪያው በጊዜው መጣ፤ ምርቱ አደገ፤ የገበሬው ልጅ በአቅራቢያው ፋብሪካ ሥራ አገኘ። ዝምታውም ቢሆን ዘላለማዊ አልሆነም፤ በ1996 ፕሬዚዳንቱን ራሱ መረጠ።

ሦስቱን ስናስተያይ፣ ፖለቲካቸው የማይገናኝ ሦስት አገሮች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ዕድገታቸው ሥር የያዘው ገበሬው «ብደክም ለእኔ ምን ይቀራል?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድሞ የታወቀ መልስ ባገኘ ጊዜ ነው። መልሱ ሲጠፋ፣ እንደ 1959ኙ ቻይና፣ መሬት ማከፋፈል ብቻውን ከረኃብ አላዳነም።

በእኛም ሆኖ አይተነዋል። በ1977ቱ ድርቅ አጎቴ ከነቤተሰቡ ተረፈ፤ በሬዎቹ አልተረፉም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው ሲቀር፣ በብዙ ቦታ ገበሬው የአምራቾችን የኅብረት እርሻ በሳምንታት ውስጥ በትኖ መሬቱን ተካፈለ። ማንም አላዘዘውም። ሺያውጋንግን ሰምቶም አይደለም። አጎቴ በኮታው ዘመን እህሉን ጉድጓድ ውስጥ ይደብቅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደጁ ላይ አዲስ ጎተራ ሠራ። ሰው የሚያየው ጎተራ። በዚያ ጎተራ ያየሁት ኢኮኖሚክስ ከብዙ የማስተማሪያ ማስታወሻዬ ይበልጣል።

ወደ ምሥራቅ ሦስተኛ ጊዜ ያየነው በቅርቡ ነው። ልማታዊ መንግሥት ተባለ፤ የጃፓንና የታይዋን ስም ከአፍ አልጠፋም። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ቻይናውያን መንገዱን ሠሩ፤ በ2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የሠለጠነውና ሥራ ያገኘው ሰው ጥቂት አይደለም፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን አሁንም ዐይናችን የላይኛው ላይ ይሆን እንዴ እላለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ ግድግዳው በካይዘን ሰሌዳ ያጌጠ፣ ፋይሉ በቀለም የተለየ አይቻለሁ፤ ባለጉዳዩ ግን እንደ ጥንቱ ደጅ ላይ ቆሟል። የካይዘን ሐሳብ ሥራውን የሚሠራው ሰው ስለ ሥራው ይናገር የሚል ነበር እኮ።

አጎቴ ካረፈ ቆየ። አክስቴ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አላት፤ የእሷም የእሱም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት። አንዲት ሴት በስሟ ደብተር መያዟ በእኔ ልጅነት የማይታሰብ ነበር። ዛሬ ኮታ የለም። ግን ማዳበሪያው መቼ ይደርሳል፣ በስንት ይደርሳል፣ መንገድ ተዘግቶ ገበያ ሲጠፋ እህሉ የት ይሄዳል? ይህን የሚወስነው አሁንም ገበሬው አይደለም። ያችው መሬት ለልጆች ከተከፋፈለች በኋላ ለልጅ ልጆች የደረሰው በገመድ ሳይሆን በክንድ የሚለካ ነው። አንዱ የልጅ ልጅ ዐረብ አገር ነው፤ አንዷ ኮምቦልቻ ሥራ ፈልጋ ሄዳለች። የጃፓንና የታይዋን ገበሬ ልጆችም ከመሬት ወጥተዋል፤ የወጡት ግን ፋብሪካው እየጠራቸው ነው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ሲያዳርስ ከተዘረፉትና ከወደሙት አንዱ የወሎ ዩኒቨርሲቲ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። አማራ ክልል ከዚያም ወዲህ እፎይ አላለም። «ከጦርነት በኋላ» የሚለው ርእስ ለእኛ የሌላ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ሲረጋጋ፣ ይረጋጋል ብዬ አምናለሁ፣ መልሶ ግንባታ ይባላል፤ ባለሙያ ይመጣል፤ እኛም እንጠራለን። አራተኛ ጊዜ ወደ ምሥራቅ እናይ ይሆናል። ማየቱ መልካም ነው። ያን ጊዜ ግን ከሁሉ በፊት ወደ አውድማው እንውረድ።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እለምናለሁ።

አንደኛ፣ እዚህ ላላችሁ መምህራን። በወረኢሉ፣ በመካነ ሰላም፣ በጃማ፣ በለጋምቦ የ1967ቱን የመሬት ክፍፍልና የኮታውን ዘመን በዐይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች በየቀኑ እያለፉ ነው። የጃፓንን የመሬት ኮሚቴ ታሪክ እኔ ማንበብ የቻልሁት ሰው ጠይቆ ስለ ጻፈው ነው። የመቅደላ አምባና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች በአጠገባቸው ናቸው። ተማሪዎቻችሁን ከነመቅረጸ ድምፅ ስደዷቸው።

ሁለተኛ፣ ተመራቂው የሚጽፈው ጥናት ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ አልፎ ጥናቱ ወደ ተሠራበት ቀበሌ ይመለስ፤ በሚገባቸው አማርኛ ይነበብላቸው፤ ተሳስተሃል ካሉት ይታረም። እኔን ያረመኝ ፕሮፌሰር አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ከመካከላችን በመንግሥት፣ በባንክ፣ በእርዳታ ድርጅት ወንበር ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ስለ ገበሬ የሚወስን ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጡ አንድ ነገር ቁጠሩልኝ። ከተቀመጡት ውስጥ ስንቱ ገበሬ ነው? ጃፓኖች ከዐሥር አምስቱን ለጭሰኛ ሰጥተው ነበር።

አጎቴ «ሰምተህ ና» ካለኝ ዐርባ ዓመት አልፏል። ሰምቼ ስመጣ እሱን አላገኘሁትም። ባገኘው ኖሮ «አጎቴ፣ የቻይናው ገበሬም ልክ እርስዎ ያሉትን ነው ያለው» እለው ነበር። እሱን ስላላገኘሁ ለእናንተ ነገርኋችሁ።